ይዞ የሚለቅ ሙጫ

በ2018 የዘመን መለወጫ ሰሞን ከእንኳን አደረሳችሁ መልእክቱ ጋር ተደባልቆ አንድ ዜና ስልኬ ላይ ደጋግሞ ገባ። ቻይና ውስጥ የተሰበረ አጥንት በ3 ደቂቃ የሚያጣብቅ ሙጫ ተሠራ ይላል። አንዱ ወዳጄ «በቃ፣ ብረት ቀረ!» ብሎ ላከው። ሌላው «ወጌሻም ሥራ ሊፈታ ነው» አለ። ያኔ እግሩ ጀሶ ውስጥ የነበረው የአክስቴ ልጅ ግን ቀልድ አላሰኘውም፤ «እኛ ጋ መቼ ይመጣል?» ብቻ ብሎ ጻፈልኝ። የኬሚስትሪ አስተማሪ ስለሆንኩ ቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚወድቀው እኔ ላይ ነው።

ዜናው ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። ሃንግዡ ከተማ በሚገኘው በሰር ራን ራን ሾው ሆስፒታል የሚሠሩት የአጥንት ሐኪም ሊን ሺያንፌንግና ባልደረቦቻቸው «ቦን 02» የተባለ ማጣበቂያ ይፋ አድርገዋል። መነሻ ሐሳቡን የሰጣቸው ኦይስተር ነው፤ ማዕበል እየመታውም ከድንጋይና ከድልድይ እግር የማይላቀቅ፣ ባለ ሁለት ቅርፊት የባሕር እንስሳ። የቻይና መገናኛ ብዙኃን እንደዘገቡት ማጣበቂያው ደም በሞላበት ቦታ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይይዛል፤ ከ150 በላይ ታካሚዎች ላይ ተሞክሯል፤ አጥንቱ ሲድን ደግሞ በ6 ወር ገደማ ሰውነት ውስጥ ተመጥጦ ያልቃል። ሰው ሁሉ ያወራው ስለ 3 ደቂቃው ነው። እኔ ደግሞ ልቤ የቀረው 6 ወሩ ላይ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአባቴ ልጀምር። አባቴ አናጢ ነው። ኮላ ከመቀባቱ በፊት የሚያደርገውን ሁሉ ልጅ ሆኜ በቃሌ ይዤዋለሁ። እንጨቱ የደረቀ መሆን አለበት፤ እርጥብ ከሆነ ወደ ግድግዳው አስደግፎ ለሳምንት ይተወዋል። ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ አቧራውን ይጠርጋል፤ ዘይት የነካ እጅ እንዲያስጠጉበት አይፈቅድም። ኮላውን ስስ አድርጎ ይቀባል፤ «ሲበዛ ይደክማል» ይላል። ከዚያ ሞርሳ ውስጥ አጥብቆ ያሳድረዋል። እስኪነጋ ማንም አይነካውም።

የተሰበረ አጥንት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያሟላም። እርጥብ ነው፤ እርጥበቱም አያልቅም። ቢጠርጉት ደሙ ይመለሳል። ከመቅኔው ስብ ይወጣል፤ ስብ ደግሞ የማንኛውም ማጣበቂያ ጠላት ነው። ዙሪያውን ያለው ጡንቻ ሁለቱን ስባሪዎች በየፊናው ይጎትታል። በዚያ ላይ ታካሚው ከማደንዘዣው ነቅቶ ይገላበጣል፣ ያስላል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል። ኬሚስትሪውን ብቻ ብናይ እንኳ ውሃ ዋናው መሰናክል ነው፦ የውሃ ሞለኪውሎች የአጥንቱን ፊት ቀድመው ይዘውታል፤ ሙጫው መያዝ ከፈለገ እነሱን ገፍቶ ቦታቸውን መውሰድ አለበት። አብዛኛው የገበያ ማጣበቂያ ይህን አይችልም።

ሰው ግን ከመሞከር አልቦዘነም። እ.ኤ.አ. በ1890 እና 1891 በርሊን ውስጥ ቴሚስቶክለስ ግሉክ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ከዝሆን ጥርስ የተቀረጸ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሰው ላይ ገጥሟል። ለማያያዣ የጥድ ሙጫ፣ የድንጋይ ዱቄትና ጀሶ ደባልቋል። ታካሚዎቹ መገጣጠሚያቸውን የሳንባ ነቀርሳ ተህዋሲ የበላባቸው ስለነበሩ ሥራው በኢንፌክሽን ተበላሸ፤ ሐሳቡ ግን ዛሬም ያስደንቃል። በ1930ዎቹ ከእንስሳት ኮላጅን፣ ማለትም ከቆዳና ከአጥንት ከሚገኝ ፕሮቲን፣ የተሠራ ማጣበቂያ መጣ፤ የታካሚዎቹ ሰውነት ተቆጣበት፣ ተተወ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካኖች ፖሊዩሬቴን የሚባል የፕላስቲክ አረፋ ስብራት ውስጥ ሞሉ። እሱም ኢንፌክሽን አስከተለ፤ ብዙ ቦታ ላይም አጥንቱ ሳይገጥም ቀረ።

እዚህ ላይ ሱፐር ግሉን የሚያነሳ አይጠፋም። እርጥበት ሲያገኝ የሚደርቅ ስለሆነ መጀመሪያ ሲያዩት ተስፋ ይሰጣል፤ በቬትናም ጦርነት ጊዜ የቁስለኞችን ደም ለማቆም ተረጭቷል፣ ዘመዶቹም ዛሬ ቆዳ በስፌት ፈንታ ይዘጉበታል። አጥንት ውስጥ ሲገባ ግን ሲደርቅ ይሰባበራል፤ ሲፈራርስ ፎርማልዲሃይድ ይለቃል። ፎርማልዲሃይድ አስከሬን የሚቆይበት ኬሚካል ነው። ሕያው ሴል አጠገብ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ሲቀየር የሚገባው «የአጥንት ሲሚንቶ»ስ? እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በ1950ዎቹ መጨረሻ ያስለመደው አክሪሊክ የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ሚሊዮኖች ቆመው የሚሄዱበት ትልቅ ሥራ። ግን እንደ ስሙ ሲሚንቶ ነው፤ አጥንቱን አያጣብቅም። በአጥንቱ ቀዳዳዎች ሰርጎ ሲጠነክር ብረቱን ቆልፎ ይይዛል። ሲጠነክር በኃይል ይሞቃል፤ ከጠነከረ በኋላም ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል። ለአንድ የ70 ዓመት ሰው የዳሌ ብረት ያ ጥሩ ነው። ለስብራት ግን የሚጠላው ነገር ይኸው ነው፣ አለመሄዱ።

መፍትሔው የተገኘው ወይም ቢያንስ የታየው ባሕር ዳር ነው። ካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ላይ ፍራግማቶፖማ ካሊፎርኒካ የሚባል፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ትል ይኖራል። የባሕሩ ውሃ በቀን ሁለቴ መጥቶ በሚሄድበት ድንጋይ ላይ በሺዎች ሆኖ ይሰፍራል፤ እያንዳንዱም ከአሸዋና ከተሰባበረ ቅርፊት ቱቦ ይሠራል፣ ውስጡ ይኖራል። አሠራሩን በቪዲዮ ያየ ሰው ይገረማል። በጭንቅላቱ ላይ ባሉት ክሮች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከውሃው ይይዛል፤ አፉ አጠገብ ወዳለው የግንባታ አካል ያመጣታል፤ እያገላበጠ ይመረምራታል። ካልወደዳት ይጥላታል። ከወደዳት ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ላይ ሙጫ ጠብ ያደርግባታል፤ ቱቦው ጫፍ ላይ ያስቀምጣትና እየወዘወዘ ይይዛታል። ግማሽ ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ይለቃታል። አትወድቅም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውሃ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች አሸዋውን ወስደው የመስታወት ዶቃ ቢሰጡት በዶቃው ሠርቷል።

በዩታ ዩኒቨርሲቲ ራስል ስቱዋርት የሚመራው ቡድን ይህን ሙጫ ለዓመታት ፈትቶታል። ሙጫው በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ፕሮቲን ነው፤ አንደኛው ፎስፌት የተሸከመና ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለው፣ ሌላው ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው፤ መሐላቸው ካልሲየምና ማግኒዢየም አለ። ተቃራኒ ቻርጆቹ ስለሚሳሳቡ ውሃ ውስጥ ቢገቡም አይበተኑም፤ ወፈር ያለ ፈሳሽ ሆነው ይቆያሉ። በትሉ ዕጢ ውስጥ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ 5 አካባቢ ነው፤ የባሕር ውሃ ደግሞ 8 ገደማ። ሙጫው ከዕጢው ወጥቶ የባሕሩን ውሃ ሲነካ በዚህ ለውጥ ብቻ ይጠነክራል። ማሞቂያ የለ፣ መብራት የለ። በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ቡናማ ሆኖ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ ይኼን የሚያደርገው ዶፓ የሚባለው የአሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መሥሪያ ቅንጣት) ዘመድ ነው።

ዶፓን የባሕር ማጣበቂያ ታሪክ ውስጥ ያስገባው ኸርበርት ዌይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 መስል የሚባለው ሌላው ባለ ቅርፊት እንስሳ ከድንጋይ ጋር የሚጣበቅበት ፕሮቲን በዶፓ የተሞላ መሆኑን አሳየ። (ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጠው ሌቮዶፓ ይኸው ሞለኪውል ነው። ተፈጥሮ አንዱን ዕቃ ለስንት ሥራ እንደምትጠቀምበት ሳስብ ይገርመኛል።) ችግሩ ጥቂት ግራም ፕሮቲን ለማግኘት ብዙ ሺህ መስል መፈልቀቅ የሚጠይቅ መሆኑ ነበር። ስለዚህ የዛሬዎቹ «ተፈጥሯዊ» ማጣበቂያዎች አብዛኞቹ ከእንስሳ አካል የተጨመቁ አይደሉም፤ ከእንስሳው የተወሰደው ብልሃቱ ነው።

ለአጥንት ከሁሉም የበለጠ የሚስበኝ ፎስፌቱ ነው። የአጥንት ማዕድን ካልሲየም ፎስፌት ነው። ትሉ አሸዋውን ለመያዝ የሚጠቀምበት ፎስፎሴሪን፣ ማለትም ፎስፌት የተቀጠለበት ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ፣ በራሳችን አጥንት ፕሮቲኖች ውስጥም አለ፤ ወተት ካልሲየሙን የሚሸከመውም በዚሁ ነው። ይህን ይዘው ማሳቹሴትስ ውስጥ ሬቭባዮ የተባለ ኩባንያ ቴትራናይት የሚለውን ምርት ሠራ፤ ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ መንገድ ሄዷል። ፎስፎሴሪን ከካልሲየም ፎስፌት ዱቄት ጋር ይደባለቃል፤ ውሃ ሲገባበት ሊጥ ይሆናል፤ በደቂቃዎች ውስጥ እርጥብ አጥንት ላይ ይጠነክራል። ከዚያ የአጥንት ሴሎች ቀስ በቀስ እየበሉት በራሳቸው አጥንት ይተኩታል። ውሃ የአባቴ ኮላ ጠላት ነበር፤ እዚህ ግን የማጣበቂያው አንዱ ክፍል ሆነ። ከሊጡ ኬሚስትሪ ሁሉ ይህቺ ነጥብ ታስደስተኛለች።

ወደ 6 ወሩ ልመለስ። አጥንት ጣውላ አይደለም፤ ራሱን ይጠግናል። በተሰበረበት ቦታ መጀመሪያ ደም ይረጋል፤ ያ የረጋ ደም ቆሻሻ አይደለም፣ የጥገናው መጀመሪያ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ለስላሳ ድልድይ ይዘረጋል፤ ድልድዩ ማዕድን እየጠጣ ይጠነክራል፤ ከዚያ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ሰውነት የተረፈውን እየፈለፈለ ቅርጹን ያስተካክላል። ሲጨርስ ጠባሳ እንኳ አይተውም። የሰው ሰውነት ውስጥ እንዲህ የሚድን አካል ጥቂት ነው።

አሁን በሁለቱ ስባሪዎች መሐል ሙጫ አስገቡበት። ሙጫው በጣም ጠንካራ፣ የማይሟሟ ከሆነ ምን ይፈጠራል? ሴሎቹ የሚሻገሩበት ቦታ አጡ። በደንብ የተጣበቀው አጥንት በዚያው ምክንያት ሳይገጥም ይቀራል። በ1950ዎቹ አረፋውን የሞሉት ሐኪሞች ያጋጠማቸው አንዱ ነገር ይኸው ነው። በተቃራኒው ሙጫው ቶሎ ከሟሟ አጥንቱ ገና ሳይገጥም ይላቀቃል። ስለዚህ ጥንካሬ ብቻውን ግማሽ መልስ እንኳ አይሆንም፤ ማጣበቂያው አጥንቱ በሚያድግበት ልክ እየቀነሰ መሄድ አለበት። አንዳንዶች ቀዳዳ ቀዳዳ አድርገው ይሠሩታል፤ የትሉ ሙጫ ራሱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ እንደ አረፋ ቀዳዳ የሞላው ነው። አንዳንድ ቀዶ ሐኪሞች ደግሞ ፊቱን በሙሉ ከመቀባት ነጠብጣብ ማድረግ ይሻላል ይላሉ።

«በ6 ወር ይሟሟል» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ የማን 6 ወር ነው የሚል ነው። የ8 ዓመት ልጅ ክንድ በሳምንታት ይገጥማል። ስኳር ያለባቸው፣ በዕድሜ የገፉ፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች አጥንት ይዘገያል። አንድ ዓይነት ሊጥ ለሁለቱም እኩል ሊሆን አይችልም። ቀጣዩ የምርምር ሥራ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሙጫውን ለታካሚው መለካት።

ስለ ጥንካሬው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ዜናዎቹ ላይ በጣም የተዛባው እሱ ነውና። «ከ400 ፓውንድ በላይ ይይዛል» ተባለ፤ 180 ኪሎ መሆኑ ነው። በምን ያህል ስፋት ላይ? ኪሎ ያለ ስፋት ምንም አይነግረንም። በዚያው ዘገባ ውስጥ የተጠቀሰው የመሸራተት ጥንካሬ 0.5 ሜጋፓስካል ገደማ ነው። በገበያ ቋንቋ፣ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ማለት ነው። ስንራመድ የዳሌ መገጣጠሚያችን የሰውነታችንን ክብደት ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ የ60 ኪሎ ሰው ከሆነ 150 ኪሎ እና ከዚያ በላይ። የጭን አጥንት የተሰበረበት ሰው በሙጫ ብቻ ቆሞ አይሄድም። ብረት አልቀረም፤ በቅርብም አይቀርም።

ታዲያ 5 ኪሎ ምን ይሠራል? የእናቴን ኤክስሬይ ላሳያችሁ። ክረምት ላይ ደጃፍ አዳልጧት በእጇ መሬት ደግፋ ወደቀች፤ የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ፊልሙ ላይ አጥንቱን የያዘችው የብረት ሳህን ነጭ ሆና ትታያለች፤ ከሥር ወደ ላይ የተደረደሩት ብሎኖች ረድፍ ይዘዋል። መገጣጠሚያው ጠርዝ ላይ ግን አንዲት የሽምብራ ፍሬ የምታክል ስባሪ ብቻዋን ቀርታለች። የሠሩላት ሐኪም በእርሳስ ጫፍ እያሳዩኝ «ይቺን ብሎን ብመታባት ትፈረካከስብኛለች፤ በሽቦ አስጠግቼ ተውኳት» አሉኝ። ችግሩ ትንሽነቷ ነው። ብሎን የሚይዘው አጥንት ስለሚበሳ ነው፤ ሽምብራ የምታክል ነገር ስትበሳ አትተርፍም። እንዲህ ያለችው ስባሪ ደግሞ ሰው አይቆምባትም፤ የሚፈለገው ሳህኑ ዋናውን ሸክም ተሸክሞ እሷ ከቦታዋ ሳትንሸራተት ጥቂት ሳምንት እንድትቆይ ነው። ለዚያ በስኩዌር ሴንቲ ሜትር 5 ኪሎ ብዙ ነው። የፊት አጥንት፣ የራስ ቅል ክዳን፣ የጣት መገጣጠሚያ፣ የቁርጭምጭሚት ጠርዝ፤ ሙጫው ቤቱ እዚያ ነው።

አንድ ሰው ደግሞ ከምን እንደተሠራ ይጠይቃል፤ እኛ አገር መጠየቁም አይቀርም። በቀዶ ሕክምና የታወቀው የፋይብሪን ሙጫ ከሰው ደም ፕላዝማ ይሠራል፤ አንዳንዱ የከብት ነገር አለበት። ጄላቲን ከአሳማ ሊሆን ይችላል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ሻጭ ሲለው ያማረ ነው፤ ጾም ለሚጾም፣ ሐላል ለሚጠይቅ፣ ወይም ደም ለማይቀበል ታካሚ ግን ጥያቄውን አይዘጋም። በላቦራቶሪ የተሠራ ፎስፎሴሪን ይህን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ያቀልለዋል።

እኛ አገር ስብራት መጀመሪያ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ወጌሻ ጋ ነው። ወጌሻን ማንቋሸሽ አልወድም፤ ውልቃት በማስገባት የሠለጠኑ፣ እጃቸው የሚያውቅ አሉ። ችግሩ ቀርከሃውን አጥብቀው ሲያስሩት ነው፤ እግሩ ያብጣል፣ ማሰሪያው አይሰፋም፣ ደም ይቆማል። ሐኪሞቻችን በዚህ ምክንያት ስለሚቆረጡ እጅና እግሮች፣ በተለይም ስለ ሕፃናት፣ ለብዙ ዓመታት ጽፈዋል። ከዚያ የሚተርፈውም ሆስፒታል የሚደርሰው ከሳምንታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ስብራቱ በለስላሳ ሥጋና በተጣመመ አዲስ አጥንት ተሸፍኗል። የትኛውም ሙጫ የሚይዘው ትኩስ ስብራት ነው፤ የቆየ ስብራት ላይ የሚቀባበት ፊት አያገኝም።

ስለዚህ ዛሬ ለእኛ ሙጫ ብርቅ የሆነውን ያህል፣ ትልቁን ሥራ የሠራው ሌላ ነገር ነው። ሳይን የተባለው፣ ዋሽንግተን ግዛት ሪችላንድ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመው ድርጅት በቀዶ ሕክምናው ሰዓት ኤክስሬይ የማይፈልግ የመቅኔ ውስጥ ብረት ሠርቶ በነፃ ይልካል፤ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ብዙ የጭንና የቅልጥም ስብራት በእሱ ተገጥሟል። ብልሃቱ መብራት ቢጠፋም የሚሠራ መሆኑ ነው። ሙጫ የሚሠሩ ሰዎች ከዚህ ቢማሩ እወዳለሁ፤ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ዱቄት፣ በንጹሕ ውሃ የሚቦካ፣ ያለ ልዩ መሣሪያ የሚቀባ። የፎስፎሴሪኑ ዘዴ ደረቅ ዱቄት ሆኖ መጀመሩ ለዚህ ይመቻል።

ሙጫው ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚሟሟ ነገር በኋላ ማስወጣት አያስፈልግም። እናቴ ብረቷን ላስወጣ ወይስ ልተወው እያለች ታመነታለች፤ ሐኪሙ ካላስቸገረሽ ተይው ብለዋታል። የእሷ ቤት ለሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ከሩቅ ገጠር መጥቶ ብረት የገባለት ገበሬ ግን ለማስወጣት እንደገና ትራንስፖርት ከፍሎ፣ አስታማሚ ይዞ፣ አልጋ ጠብቆ መቆየት አለበት። ብዙው አይመለስም። ትንሿን ስባሪ የያዘችው ሽቦ ቆዳ ሥር እየወጋችው ይኖራል።

በእኔ ግምት ይህ ማጣበቂያ እኛ አገር ቢገባ መጀመሪያ የሚገባው በአጥንት ክፍል በኩል ላይሆን ይችላል፤ በጥርስ ክሊኒክ በኩል ነው። ሬቭባዮም ሰው ላይ ሙከራውን የጀመረው መንጋጋ ውስጥ የተተከለ ጥርስ ሲወዛወዝ አጥብቆ በመያዝ ነው። ሸክሙ ትንሽ ነው፣ ቦታው ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይደረስበታል፣ ቢበላሽ ቶሎ ይታያል፣ ታካሚውም ለቁጥጥር ይመለሳል። ከዚያ የራስ ቅል፣ ከዚያ የእጅ አንጓ። ጭን መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ከብረት ጋር።